እህቴን ሳትነኩ ስለመረመራችሁልኝ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ለአቶ ተሻገር
ወላይታ ሶዶ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ሥር የተተከሉት አበቦችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ ቤት ጤና የሚባለው ነገር ከጠፋ ስለሰነበተ፣ የሌላውን ሰው ጤና የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

ስሜ ፋኑኤል ዳልጮ ይባላል፤ እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የምጽፍልዎ ለመውቀስ አይደለም። ለመውቀስ ንዴት ያስፈልጋል፤ ንዴቱ ደግሞ ከእኔ ዘንድ ከወጣ ቆይቷል። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፣ ምንም ግን አይሰማኝም። ስለዚህ በተረጋጋ መንፈስ ላመሰግንዎ ነው የተነሣሁት።

አምና ክረምት ሳይገባ፣ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅላችሁ «ሳትታመሙ ተመርመሩ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እናያችኋለን» እያላችሁ በየሰፈሩ ስታውጁ፣ ታላቅ እህቴ አያልነሽ ከገጠር፣ ከሃላሌ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ቤት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት ናት፤ ሐኪም ቤት የምታውቀው የታመመ ሰው ልትጠይቅ ስትሄድ ብቻ ነው። አዋጁን ተርጉሜ ስነግራት እሄዳለሁ ማለቷ ገርሞኝ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ ወላይትኛን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩት፣ ከዚህ ቀደም ሌላ ከተማ ሙሉ ምርመራ አድርገው ስለነበር፣ ምን እንደሚጠብቃት አንድ በአንድ አስረዷት። ሐኪሙ ምላስሽን ያያል፣ የዓይንሽን ቆብ ይገለብጣል፣ ጀርባሽ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ተንፍሺ ይልሻል፣ አስተኝቶ ሆድሽን ይጫናል፣ ጡትሽንና ብብትሽንም ይዳስሳል፣ እንዳታፍሪ አሏት። እህቴ ገላዋን ታጠበች፣ አዲስ የውስጥ ልብስ ገዝታ ለበሰች፣ ፀጉሯን ተሠራች። ሠርግ የምትሄድ ነበር የምትመስለው።

እንግዲህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፤

፩. ክብደቷን ከነጫማዋና ከነጋቢዋ ስለመዘናችሁላት አመሰግናለሁ፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ወፍራም ሆና አታውቅም። የቁመት መለኪያው ስለተሰበረ ቁመቷ በዓይን ተገምቷል። የደም ግፊቷም ብርድ እንዳይነካት በመታሰቡ ይመስለኛል፣ ከሹራቧ በላይ ተለክቷል።

፪. ሐኪሙ፣ ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ ትሑት ወጣት፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ እህቴንም ከወንበሯ ሳያስነሡ ምርመራውን ስላጠናቀቁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አልጋው ከጎናቸው ነበር፤ ካርቶን ተደርድሮበታል። እኛ ለጊፋታ በዓል በሬ ስንገዛ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፣ ጀርባውን እንጫናለን፣ ጥቂትም እናስኬደዋለን። ያ እንግዲህ ለመታረድ ስለሆነ ይሆናል።

፫. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን በአስተርጓሚው ጉዳይ ነው። እህቴ አማርኛ አትሰማም፤ ሐኪሙ ወላይትኛ አይሰሙም። ኮሪደሩ ላይ ወላይትኛ እየተናገሩ የሚሳሳቁ ነርሶች ነበሩ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። እነሱን ከማስቸገር ግን እኔን በር ላይ የቆምሁትን ወንድሟን ጠርታችሁ ከአጠገቧ አስቀመጣችሁኝ። ሐኪሙ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ በላት አሉኝ፤ አልኋት። እህቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ የሐኪሙን እጆች አየች፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየች ደህና ነኝ አለች። እኔም ደህና ነኝ ትላለች ብዬ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁ። ጤናማ ናት ተባለ፤ ይህንንም ተረጎምሁላት።

፬. ጤናማ የሚለው ቃላችሁ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ሰው ባይነግርዎትም እኔ ልንገርዎት። እህቴ ሃላሌ ተመልሳ ለሰው ሁሉ አወራች። ከመስከረም በኋላ ክንዷ ሲያብጥ፣ ሌሊት መተኛት ሲያቅታት፣ ልጆቿ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏት የሶዶ ሐኪም አይቶኛል እያለች እምቢ አለች። ቃላችሁን ከራሷ ሕመም ይልቅ አመነች።

ወድቃ ተሸክመው ሲያመጧት ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። አንዲት ነርስ እኔን ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ዘጋች፣ በወላይትኛ አናገረቻት፣ እጇን ታጥባ ዳሰሰቻት። እብጠቱን ወዲያው አገኘችው። እናንተ ዘንድ ስትመጣም ጡቷ ውስጥ ነበረ፤ የመጣችውም ለእሱ ነበር። ለምን ያን ጊዜ አልተናገርሽም ተብላ ስትጠየቅ የመለሰችው ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድሜ ፊት እንዴት ብዬ? ሐኪሙ ሲዳስሰኝ በእጁ ያገኘዋል ብዬ ነበር።»

መልስ ከጻፉልኝ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እንደሚጠቅሱልኝ እገምታለሁ። እውነት ነው። እህቴ ግን በሽታዋን የደበቀችው ከእናንተ አይደለም፣ ከእኔ ነው፤ እኔን ደግሞ መካከል ያስቀመጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ሐኪሞቹ አሁን ዘግይቷል ብለውናል። እኔ ቤት፣ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ተኝታለች። እንጀራዬን በልቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አይመጣልኝም።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ዘንድሮም ባጃጁ አዋጁን ይዞ ሲዞር ሰምቻለሁና፣ ከአልጋው ላይ ካርቶኑን አንሡ፤ ሴት ስትመጣ ከኮሪደሩ አንዲት ነርስ ጥሩና ወንድሟን ከውጭ አስቀሩት።

በሩቁ የሚያይ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ ከወንበራቸው ለማይነሡት ባልደረቦችዎ ሁሉ የወገብ ጤና እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ አስተርጓሚያችሁ
ፋኑኤል ዳልጮ

ማስታወሻ፦ እህቴ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስነግራት ቅር አላት። ለወጣቱ ሐኪም ሰላምታዋን እንዳደርስ አዝዛኛለች። ያን ቀን ፊት ለፊታቸው ስትቀመጥ የሚነካት ስላልነበረ እሳቸውን ስታይ ነበር። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኖ፣ ሱሪያቸው ሰፍቷቸው፣ ዘወር ባሉ ቁጥር የቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ይደግፉ እንደነበር ታስታውሳለች። «ያ ልጅ ታሟል፣ ይመርመር በልልኝ» ብላለች። ሲመረመር ደግሞ አደራ፣ በእጁ የሚዳስሰው ሰው ፈልጉለት ብላለች።