የዴልፊና መርዶ

ሰኞ፣ ጥር 17

አልነገርኳትም። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቤ ቆማ ብርድ ልብስ ስታጥፍ ዋለች፤ አልነገርኳትም።

ወንድሟ ጆአኪም የደወለው ትናንት ማታ ነው። ሱቄ ተቀጥራ የምትሠራው ዴልፊና ስልኳ ታክሲ ውስጥ ከተሰረቀ ወዲህ ሞዛምቢክ ያሉ ዘመዶቿ ሲፈልጓት በእኔ ስልክ ነው የሚደውሉት። ጆአኪም ድሮ እዚህ ጆሃንስበርግ ማዕድን ሠርቷል፤ ዙሉውንም እንግሊዝኛውንም ደባልቀን እንግባባለን። አውሎ ነፋሱ ቅዳሜ ሌሊት እነሱ ጋ ሲደርስ የእናታቸው ቤት ግድግዳ ተደረመሰ። ከፍርስራሹ አውጥተው ቤይራ ሆስፒታል አደረሷት፣ ትናንት ቀን ላይ አረፈች። «ንገሪያት። ትምጣ» አለኝና መስመሩ ጠፋ።

እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ጀርሚስተን መሃል፣ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ መጋረጃ እያስለካ እናትሽ ሞተች ይባላል? በእኛ መርዶ ወግ አለው። ሰው ሰብሰብ ብሎ በማለዳ ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ የሚደግፋት ከጎኗ ቆሞ ነው። እኔ አባቴ የሞተ ጊዜ የተረዳሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። እትዬ አልማዝና የማኅበራችን ሴቶች ገና ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኩ፣ ሳልከፍትላቸው ገባኝ። ዛሬም ደግ ሥራ ሠሩልኝ ነው የምለው። አራት ወር በሰላም አኖሩኝ።

ዴልፊና ጠዋት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ደወሉ?» አለችኝ። ኔትወርክ የለም አሉ፣ ምሰሶው ሁሉ ወድቋል አልኳት። ይኼ ውሸት አይደለም። እውነቱም ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ቀኑን ሙሉ ለራሴ ስደረድር የዋልኩት ምክንያት፦

መርዶ ብቻዬን አላረዳም፣ እትዬ አልማዝን ማማከር አለብኝ።
ሰው መሰብሰብ በኮሮና ምክንያት ክልክል ነው።
በዚህ ሙቀት እስካሁን ቀብረዋታል፣ ብትሄድም አትደርስም።
ድንበሩ ተዘግቷል። አገሬ ልግባ የሚለውን ያስወጡታል፤ ከወጣ በኋላ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም።
አርብ የፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው፣ ሰው ደሞዝ የሚቀበልበት።

የመጨረሻውን ለምን ጻፍኩት? ከሌሎቹ ጋር ምን አገናኘው?

ማክሰኞ፣ ጥር 18

የማኅበር ሴቶች ለአውሎ ነፋሱ ተጎጂዎች የሰበሰቡትን ዕቃ ዛሬ እኔ ሱቅ አራገፉት። ነገ ማታ አንድ ሞዛምቢካዊ ሾፌር በጭነት መኪናው ይወስደዋል፤ ዕቃ የጫነ መኪና ድንበሩን ያልፋል። ምን እንደሚጠቅም የምታውቀው እሷ ናት ብለው ዴልፊናን ዕቃ መራጭ አደረጓት። እኔ ነኝ ሐሳቡን ያቀረብኩት። እጇ ሥራ ቢይዝ አትጠይቀኝም ብዬ።

ከመጣው ዕቃ፦ ድስት፣ የሕፃን ልብስ፣ ሳሙና፣ ሁለት ጆንያ ሩዝ፣ አንሶላ። አንዷ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ታኮ ጫማ ልካለች። ሌላዋ የሠርግ ካባ። ዴልፊና ካባውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሱቁ መሃል ስትንጎራደድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ከዚያ ለብቻ የምታስቀምጠውን አየሁ። ጥቁር ሹራብ። ከሱቃችን በራሷ ደሞዝ የገዛችው ወፍራም ብርድ ልብስ። ጠፍጣፋ ጫማ። እጇን ጫማው ውስጥ ከታ ወዲያ ወዲህ እየለጠጠች «እናቴ እግሯ ሰፊ ነው» አለችኝ። ዞሬ መጋረጃ መደርደር ጀመርኩ፣ የተደረደረውን።

ከሰዓት ሾፌሩ ዕቃውን ሊያይ መጣ። ከፈለገች ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ እንዳለው ነገራት። እሷም ወደኔ መጣች። ልሂድ እንዴ፣ ልቤ አላረፈልኝም፣ ግን ከሄድኩ መመለሻውን አላውቀውም፣ ምን ትያለሽ አለችኝ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያወጣሁት ግን ሌላ ነው፤ ወንድምሽ ማታ ደውሎ ነበር፣ ደህና ናቸው አልኳት።

ኮሮናውን ረስታ አቀፈችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እንግዲያው ድንበሩ ሲከፈት እሄዳለሁ አለች።

ይቺ ሴት እኮ ለገና ኮሮና አልጋ ላይ ሲጥለኝ ሱቁን ብቻዋን ይዛ፣ ማታ ማታ ለእኔና ለልጄ ለሳሮን በር ላይ ሾርባ እያስቀመጠች ትሄድ የነበረችው ናት። አይ መሲ። ምን ዓይነት ሰው ሆንሽ?

ረቡዕ፣ ጥር 19

መኪናው ሄደ። ዴልፊና የእናቷን ዕቃ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በቀይ ሪባን አሰረችው፤ ለሾፌሩም የመንደሩን ስም ደጋግማ አስጠናችው። ሰውየው አንድ ጊዜ ነግረሽኛል አላት። ጋቢናው ውስጥ ባዶው ወንበር ላይ ጃኬቱን ወረወረና ተነሳ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ቤት ገብቼ እትዬ አልማዝ ጋ ደወልኩ። እሳቸውም አልወቀሱኝም፤ ደግ አደረግሽ፣ ነገ ሰዓት እላፊው እንደተነሳ ሦስት ሆነን እንሄዳለን፣ ከሦስት በላይ አያስኬድም አሉ። ደህና ናቸው ብዬ መዋሸቴን ግን አልነገርኳቸውም። ስልኩን ስዘጋ ሳሮን በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ማሚ፣ ያ ያንቺ ዜና አይደለም። የሷ ነው» አለችኝ።

ልጅ ነሽ፣ ባህላችንን አታውቂም አልኳት።

«የሷን ባህልስ ጠይቀሻታል?»

ክፍልሽ ግቢ አልኳት። ገባች። እዚህ ተወልዳ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው እያልኩ ስቆጭ እኖራለሁ፤ ዛሬ አንድ ቃል አልተሰበረባትም።

እናቲቱ የምትለብሰው ሹራብ መንገድ ላይ ነው። እንቅልፍ የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ነገርናት።

የምትኖረው ከሰው ግቢ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ማስካችንን አድርገን ሄድን፤ እኔ፣ እትዬ አልማዝና አንዲት የማኅበራችን ሴት። ዴልፊና የጥርስ ብሩሽ እንደያዘች ከፈተችልን። ሦስታችንን ስታይ ፈገግ አለች፤ የቀረ ልብስ ያመጣን መስሏት። እትዬ አልማዝ እንደ ወጉ ከንግግር በፊት ማልቀስ ጀመሩ። ዴልፊና ምን ሆኑ ብላ ወደኔ ዞረች፤ እሳቸው ላይ አንድ ነገር የደረሰ መስሏት እጃቸውን ሁሉ ያዘች።

እናትሽ አርፋለች አልኳት።

የቀለም ባልዲ ገልብጣ ወንበር ያደረገችው አለ፣ እሱ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። እኛ ነን የምናለቅሰው።

«መቼ?» አለችኝ።

እሁድ አልኳት።

«ማክሰኞ ደህና ናቸው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«መኪናው ውስጥ ቦታ ነበረኝ።»

«አዎ» አልኳት።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱት አስረዳችኝ። በእነሱ ዘንድ የመጀመሪያውን አፈር የምትጥለው የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት። እሷ እስክትደርስ የሚቻለውን ያህል ይጠበቃል። አስከሬኗ ሆስፒታል ከሆነ፣ መቃብሩም ውሃ ከተኛበት፣ እየጠበቋት ነው ማለት ነው። ጆአኪም ትምጣ ያለው ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ እንዲያው ለደንቡ ያህል ነው ትምጣ ያለው ብዬ ነበር።

እትዬ አልማዝ ምን አለች አሉኝ፤ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው፣ ማክሰኞ የዋሸሁትንም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ምነው ልጄ፣ ሳትጠይቂያት?» አሉኝ። የሳሮንን ጥያቄ እኮ ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ለጆአኪም ደጋግመን ደወልን፣ አይገባም። ያለ ኮሮና ምርመራ ድንበሩን ስለማያሳልፉ ቀጥታ ወደ ምርመራው ወሰድኳት። ሰልፉ ረጅም ነው። መሬቱ ላይ የት እንደሚቆም ምልክት አለ፤ እሷ ግን ከእኔ ከምልክቱም አልፋ ራቅ ብላ ቆመች። ውሃ ገዝቼ ሰጠኋት፣ ከኋላዋ ለነበረች ሴትዮ አቀበለቻት።

አርብ፣ ጥር 21

ውጤቱ ጠዋት ደረሰ፤ ነፃ ናት። ተመስገን ነው። አገራቸው የሚገቡ ሞዛምቢካውያንን የሚወስድ ሚኒባስም ተገኘ፣ አንድ ቦታ ቀርቶታል። ሱቁን ዘግቼ ሸኘኋት።

በወር መጨረሻ አርብ ሱቅ ዘግቼ አላውቅም። ደንበኞቻችን በፍርግርጉ እያጮለቁ ዴልፊና የለችም ወይ ይሉ ነበር። ስዘጋ ምንም አልመሰለኝም፤ ይኸው ይዘጋል እኮ፣ ሰማይ አልተደፋም። ሰኞ ዕለትም መዝጋት ይቻል ነበር። ማክሰኞም።

ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ቦርሳዋን ከፍታ የሱቁን ቁልፍ ሰጠችኝ። ያዢው፣ ትመለሺ የለ እንዴ ልላት ነበር፣ በምን አፌ? የማርያም ልጅ ያድርስሽ ብዬ በአማርኛ አልኳት። አልገባትም፤ እኔም አልተረጎምኩላትም።

ልትገባ አንድ እግሯን አንስታ ዞረች። «የመጋረጃው ቀለበት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከካርቶኑ ኋላ» አለችኝ።

ይኸው ነው። ደህና ሁኚ እንኳ የለም።

እሁድ፣ ጥር 23

ምንም የለም። ስልኩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ሁሉ እገባለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ዝግ ነው፤ ቅዳሴውን በስልክ አስቀደስን። ለንስሐ አባቴ ልደውል አሰብኩና ተውኩት። እሳቸው እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል፣ እኔም ቀለል ይለኛል። አሁን ቀለል እንዲለኝ አልፈልግም፤ መጀመሪያ ትድረስ።

ሳሮን ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ። ይቅርታ ማሚ አለችኝ፣ ስለ ረቡዕ። አንቺ ምን አጠፋሽ ብዬ አለቀስኩ። ደነገጠች፤ እኔ ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 24

ደወለች።

የጆአኪም ቁጥር ነው። ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ እያስተናገድኩ ነበር፣ ሜትሩን ጥዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። የዴልፊና ድምፅ ደክሟል። የደረሰችው ቅዳሜ ማታ ነው። ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ማቆየት ስላልቻለ አርብ ከሰዓት ቀበሯት፣ ውሃው ወዳልደረሰበት ኮረብታ ወስደው። የመጀመሪያውን አፈር አክስቷ ጣለች።

የእኛ ጭነት መኪና የገባው አርብ ጠዋት ነው። ሾፌሩ ከረጢቱን በቀይ ሪባኑ ለጆአኪም አስረክቦታል። በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ቀበሯት።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። «ሲስ መሲ፣ ይቅርታውን ተይው። አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለች። ዘመዶቿ አኩርፈዋታል። እሁድ ተነግሯት፣ ለደሞዟ ብላ ሳምንት ሙሉ ጆሃንስበርግ ቁጭ አለች ነው የሚሉት። አክስቷ እጇን እንኳ አልጨበጠቻትም። አልሰማሁም ብትላቸው አያምኗትም፤ ጆአኪም ለአሠሪሽ በአፌ ነግሬያታለሁ ይላል። እውነቱን ነው።

«መቼ እንደነገርሽኝ ለሱ ንገሪው» አለችና ስልኩን ሰጠችው።

ጆአኪም ሰላምታ አልሰጠኝም። የነገርኳት ሐሙስ ነው አልኩት። ማክሰኞ ስትጠይቀኝም ደህና ናቸው ብዬ ዋሽቻታለሁ፣ እሷ ምንም አታውቅም ነበር አልኩት። እሱም ለምን አለኝ።

በእኛ ባህል ብዬ ጀመርኩ። መርዶ እንዴት እንደሆነ፣ አራት ወሩን፣ ሁሉንም ልነግረው። ግማሽ ላይ ስደርስ ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ። አራት ቀን ሙሉ ባህል ባህል ስል የከረምኩት ሌላውን ላለማመን ነው።

«የወር መጨረሻ ነበር» አልኩት። «ጥላኝ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

ከጀርባው የሴቶች ድምፅ፣ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ቆይ አለኝ።

«ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። አክስታችን እዚህ ናት፣ ሁሉም እዚህ ናቸው። ድገሚው።»

ደገምኩት። ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እሱ ከስር ከስሩ እየተረጎመ። እሁድ ሰማሁ። ማክሰኞ ዋሸኋት። ሐሙስ ነገርኳት። የወር መጨረሻ ነበር። እያንዳንዱን ስል ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኛል፤ ሲተረጎም ደግሞ እንደገና እሰማዋለሁ። መጨረሻው ላይ አንዲት አሮጊት ረጅም ነገር ተናገረች። ጆአኪም አልተረጎመልኝም። እኔም ምን አለች አላልኩም። ከዚያ የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ። ዴልፊና ናት። ሐሙስ ያላለቀሰችውን፣ ሰዎቿ መሃል ሆና።

ብዙ ቆይታ ስልኩን ተቀበለች። «ሰምተዋል» አለችኝና ዘጋችው።

ትመለሺያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ደንበኛዬ ጥላኝ ሄዳለች። ሱቁን ዘግቼ ቤት ገባሁ፣ ሳሮን ያቀረበችውን ምሳ በላሁ፤ መርዶውን ከሰማሁበት እሁድ ወዲህ ሳህኔን ስጨርስ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። በመብላቴም አፈርኩ።