ከሌን ኦስቲያ ላይ አወለቅኩት

መኬዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባተኛ ወሩ ገባ። ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ደግሞ ብዙ ሰው አስቀይሟል።

ቤቱ ያው ነው። አልጋውን ግን መስኮቱ ሥር አዛውሬዋለሁ፤ ብርድ ይገባል ብለህ ስንት ዓመት ከለከልከኝ፣ አይገባም። የሥራ ጫማህን አላነሳሁትም።

ዋናው ወሬ ይኸውልህ። ቅዳሜ ጀልባ ተሳፈርኩ፤ ያንን በቴቬሬ ወንዝ ቁልቁል ዛሬ ሰው ወደማይኖርባት ጥንታዊት የወደብ ከተማ፣ ወደ ኦስቲያ የሚወርደውን። ድልድይ ላይ ቆመን ሲያልፍ ባየነው ቁጥር በዚያ በጣሊያንኛህ አሎራ፣ እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድ ትለኝ ነበር። እሁድ መቼ ከግንባታ ሥራ ወጥተህ ታውቃለህ! የማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ግን ከል የለበሰች ሴት ለሽርሽር አትወጣም፣ ዓመቱ ሲሞላ እኛው መጥተን ልብስሽን እናስቀይርሻለን ብለውኛል። እምቢ ካልኩ ማኅበሩ ደጄን እንደማይረግጥም ነግረውኛል። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ከእነሱ ሌላ እዚህ ሰው አገር ማን አለኝ? ሆኖም ሄድኩ።

ከተማዋን ባሕሩም ወንዙም ጥለዋት ሸሽተዋል፣ ግንቧ ግን ቆሟል። ፎቅ ቤት አላት፣ ወፍጮ ቤት አላት፤ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እያወጋ የሚጠቀምበት የድንጋይ ሽንት ቤት ሳይቀር አላት። ብቻዬን ሳቅኩ። ጡቡን አንተ ሥራ ላይ እንደምታደርገው በጣቴ አንኳኳሁት። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀርበኸኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ያንን የማትወደውን ጥቁር ለብሼ ቆሜያለሁ። ተናደድኩ። የገዛህልኝን ቢጫ ቀሚስ በቦርሳዬ ይዤው ነበር፤ ድፍረቱ የመጣልኝ እዚያ ነው። አንዱ ግንብ ጀርባ ገብቼ ከሌን አወለቅኩና ቢጫውን ለበስኩት።

ስመለስ ፒኜቶ ትራም ፌርማታ ላይ ከማን ጋር ብገጣጠም ጥሩ ነው? ከእትዬ አስካለ ጋር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ባልሽን በሰባት ወር ረሳሽው ወይ አሉኝ።

«እትዬ፣ ከሉን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ባሌን የማውቀው ግን እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ትራሙ ላይ ወጡ። እስከ ዛሬ ከማኅበሩ አንድም ሰው አልደወለልኝም። ያማል፣ ግን ይቅር።

የፊታችን እሁድ በዚያው ቀሚስ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቄሱ በሙታን ጸሎት ላይ ስምህን ሲጠሩ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ቆሜ እሰማለሁ፤ ቀን በቀን ስጠራህ እንደምኖር አንተ ታውቃለህ። ከጎኔ የሚቆም ከጠፋ ቦታውን ላንተ እይዝልሃለሁ። ወንዶች በዚያኛው በኩል ናቸው ብለህ ደግሞ እንዳትከራከረኝ።