አዲሱን አድራሻዬን ላበሰረልኝ ማኅበር

ለተከበሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እንደ ምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም መንጋጋዎ፣ የጎን አጥንቶችዎና ሁለቱም ዓይኖችዎ እንደ ምን ከርመዋል? የእኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ መንጋጋዬ በሽቦ ስለታሰረ ይህን ደብዳቤ በአካል ቀርቤ ላነብልዎ አልቻልኩም። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የእኔን ነገር አደባባይ ማውጣት የጀመረው ማኅበራችን ነውና እኔ የተከተልኩት የታላላቆቼን ፈለግ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ክሊኒኮች የመድኃኒት ክምችታቸውን የሚቆጣጠሩበትን የማኅበሩን ፕሮግራም ከሚጽፉት ባለሙያዎች አንዷ ነኝ፤ የምተዳደረውም በዚሁ ነው። የቀድሞ ባሌም የዚሁ ማኅበር አባል፣ ይህንኑ ፕሮግራም ከሚጽፉት አንዱ ነው። አምና ጥዬው የወጣሁት ይደበድበኝ ስለነበረ ነው። የሄድኩበትን ቤት ከእናቴ በቀር የሚያውቅ ዘመድ አልነበረኝም። ማኅበራችን እስኪሠለጥን ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጣኔያችሁ አመሰግናለሁ። ቀድሞ የአባላት መዝገብ ለብቻው፣ የጋራ ኮዳችን የሚቀመጥበት ድረ ገጽም ለብቻው ነበር። ሁለቱን የምታገናኘው የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች፤ እርሷም ሰው በመሆኗ አንዳንድ ጊዜ ታስብ ነበር። ይህ ጉድለት እንዲወገድ የቴክኒክ ኃላፊያችን፣ እኛ ባለቀስቱ የምንለው፣ ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ሳጥንን ከሳጥን በቀስት እያያያዙ ሥራው በራሱ እንዲሄድ የሚያደርጉበትን መሣሪያ አምጥቶ ሁለቱን አጋባቸው። መዋጮ የከፈለ አባል ወደ ኮዱ በራሱ ይገባል፤ ያልከፈለ ወይም አድራሻውን ያልሞላ በራሱ ይወጣል። መረጃውን የቀየረ ደግሞ አዲሱ መረጃው እንዳለ በፕሮግራሙ ገጽ ላይ ይወጣና፣ ባልደረባችሁ መረጃውን አድሷልና እንኳን ደስ አለህ በሉት የሚል መልእክት አብረውት ለሚሠሩት ሁሉ ይበተናል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ባለቀስቱ ግን ምንም አላጠበም፤ የእኔን ለባሌ አነበበለት እንጂ።

ሁለተኛ፣ ስለ ታማኝነታችሁ። የአድራሻውን ቦታ ባዶ ብተወው ሲስተሙ ከኮዱ፣ ማለትም ከሥራዬ፣ እንደሚያስወጣኝ ደጋግሞ በኢሜይል ስላስጠነቀቀኝ ሞላሁት። ከሥሩ የማስታወሻ ቦታ ስለነበረም፣ «ይህን አድራሻ እባካችሁ ለማንም አትስጡብኝ፤ በተለይ ለቀድሞ ባለቤቴ፤ ሊገድለኝ ዝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተማችሁ አንዲት ፊደል ሳያጎድል ማስታወሻውንም ጭምር አወጣው። ከቤት ቁጥሬ ሥር ልመናዬ፣ ከልመናዬ ሥር ደግሞ ሳያነቡ ደስ የሚላቸው ባልደረቦቼ የለጠፉት የጭብጨባ ምልክት ተደርድሮ ነበር። ካጨበጨቡት አንዱ እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። መልእክቱ በተበተነ ማግሥት፣ ረፋዱ ላይ፣ ያጠብኩትን አንሶላ እየጨመቅሁ ሳለ በሩን በፌሮ ሰብሮ ገባ። የመጀመሪያው ምት መንጋጋዬ ላይ አረፈ፤ ጥርሴ ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል አየሁት። ስወድቅ ጎኔን በጫማው ረገጠኝ፤ እየዳህኩ አልጋ ሥር ልገባ ስል በእግሬ ጎትቶ አወጣኝና ፊቴን በፌሮው ደገመኝ። በየምቱ መሐል ማስታወሻዬን በቃሉ ይወጣልኝ ነበር፦ ለማንም አትስጡብኝ፣ ለማንም አትስጡብኝ እያለ። እኔ የማስበው ስለ ሞት አልነበረም። የጻፍኩትን ማን አነበበለት እያልኩ ነበር።

ያተረፈችኝ ከበታቼ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ መርፌ እንላታለን። ጩኸቴን ሰምታ የምትተኩስበትን ካውያ እንደጋለ ይዛ ወጣችና አንገቱ ላይ ለጠፈችው፤ እስኪንበረከክም ድረስ አላነሳችውም። ሥጋው ሲጠበስ ሽታው ደረሰኝ፤ ደስም አለኝ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የእኔው ባል ጅቡ ራሱ ሆነና ማስጣሉ ለመርፌ ደረሳት።

አራተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ አባላት በማስታወሻ ቦታ ላይ የግል ምስጢራቸውን ከመጻፍ እንዲቆጠቡ የሚያሳስብ መመሪያ አወጣችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እኔ መናገር ስላልቻልኩ እናቴ ደውላ ሰውየውን ከፕሮግራሙ እንድታስወጡት ስትለምን፣ መዋጮውን የከፈለ አባል ሲስተሙ እንደማያስወጣና በዚህ ረገድ እጃችሁ እንደታሰረ በትሕትና ተነገራት። እናቴም የናንተ መታሰሩ ደግ ነበር፣ ያልታሰረው የእርሱ ሆነ እንጂ ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዳለችውም እርሱ ፖሊስ ቢይዘውም በዋስ ወጥቷል፤ እስከ ዛሬም የእኛው ፕሮግራም ክቡር አባል ነው።

አምስተኛውን ምስጋና የማቀርበው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ በጠራችሁኝ ስብሰባ ላይ ባለቀስቱ ሲስተሙ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ሊያስረዳኝ የሳጥንና የቀስቱን ሥዕል በትልቁ ስክሪን ከፈተው። ግራ ዓይኔ በፋሻ ተሸፍኖ ነበር፤ በቀኙ ተመለከትኩ። «መረጃ ተቀየረ» ከሚለው ሳጥን «ለሁሉም አሳውቅ» እስከሚለው ድረስ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሐል ላይ ግን ወደ ጎን የምትወጣ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ አለች፤ በላይዋም «አባሉ ከሥራ አመራሩ ከሆነ አቁም» ተብሎ ተጽፏል። ምክንያቱን በብጫቂ ወረቀት ጽፌ ብጠይቀው፣ ባለቀስቱ በፍጹም ቅንነት፣ ሊቀ መንበሩ የቤታቸው አድራሻ በማንም እጅ እንዳይገባ ስለሰጉ ገና ሲስተሙ ሲጀመር ያስጨመሩት መሆኑን ነገረኝ። እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ብርጭቆውንም ከአፍዎ አላነሱም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አደጋውን ያውቁት ነበር። የቤትዎ አድራሻ ሲበተን ምን እንደሚያመጣ ተጨንቀው አስበዋል፤ ጭንቀትዎ ያለቀው በራስዎ ደጃፍ ላይ ነው። ያችን ቅርንጫፍ ለእኛም መሳብ ከአንድ ጣት የበለጠ ጉልበት አይጠይቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በማኅበሩ ስንፍና አዝን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎን እጠላዎታለሁ። ይህንንም በአንቱታ መግለጽ መቻሌ የአስተዳደጌ ውጤት ስለሆነ ምስጋናው ለእናቴ ይድረስ።

አሁን ሌላ ቤት ገብቻለሁ። ማታ ማታ በሩን በቁም ሳጥን እደግፈዋለሁ፤ ደረጃ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መብራቱን አጠፋለሁ። ሲስተማችሁ ግን የቀድሞውን አድራሻዬን ስለሰረዝኩት እንደ ልማዱ አዲሱን አድራሻሽን ሙዪ፣ አለበለዚያ ከኮዱ ትወጫለሽ እያለ ይወተውተኛል። ብሞላው ይገድለኛል፤ ባልሞላው የምበላው የለኝም። ቤታቸውን ከሰው የደበቁ ሌሎች እህቶችም በማኅበሩ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነርሱም የሚፈሩትን ሰው ስም በማስታወሻ ቦታችሁ ላይ በእምነት ጽፈው ይሆናል። ልመናዬ አጭር ነው፤ ያንን ቀስት ቁረጡት። ኮድ መጻፍ እንደማያስፈልገው ባለቀስቱ ራሱ መስክሯል።

ክቡርነትዎን ከነሙሉ ጥርስዎ ያቆይልኝ እያልኩ፣ ለዘወትር አገልግሎታችሁ ያለኝን የማይሽር ምስጋና በድጋሚ አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣ መዋጮዋን በወቅቱ የምትከፍል፣ አድራሻዋ የታደሰላት አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባልነቴ እንዳይቋረጥ ዛሬ ጠዋት የአድራሻውን ቦታ ሞልቻለሁ። የራሴን ቤት ለመጻፍ ስላልደፈርኩ የእርስዎን ቢሮ አስገብቻለሁ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ በሩ መስታወት የሆነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ እንደምገኝም በማስታወሻው ቦታ ላይ ጽፌ፣ ለማንም እንዳትሰጡብኝ አደራ ብያለሁ። መልእክቱ ለሁሉም ወዲያው ተበትኗል። እርሱም አጨብጭቧል።