ክትባቱ በየት በኩል ይገባል

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ጃቢር። ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? የካርቱም አቧራ አስቸገራችሁ ወይ? ባለቤትህ ዙሌይካስ እንዴት ናት? ናስር ጥርስ አወጣ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። የእናታችን ነገር ግን አሳስቦኛል፤ በስልክ እንዳልነግርህ ከአጠገቤ አትጠፋም።

«የማህፀን ጫፍ ቁስልን የሚያድን ክትባት ወጥቷል፣ ከውጭ አስመጣልሻለሁ፣ ኦፕራሲዮኑ ይቆይ» ካልካት ወዲህ ቀጠሮዋን ትታ ተቀምጣለች። እኔን ታውቀኛለህ፤ ያልገባኝን ሳልጠይቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ካምፓስ የሚያስተምሩንን ዶክተር ወልደ ዮሐንስን ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ አላስወጣ አልኳቸው።

ክትባቱ እውነት አለ፣ ግን ገና እየተሞከረ ነው። ሰውነታችን የታመመውን ሴል ለይቶ እንዲያጠቃ የሚያስተምር ዲኤንኤ ነው አሉኝ። ጭንቁ ማድረሱ ላይ ነው። ዲኤንኤው ሴሉ ውስጥ ካልገባ አይሠራም፤ በተራ መርፌ ሲወጉት ደግሞ አብዛኛው ውጭ ቀርቶ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከወጉ በኋላ እዚያው ላይ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፤ የሴሉ ሽፋን ይከፈትና ያስገባዋል። ሌሎቹ በደቀቀ ወርቅ ላይ ቀብተው በጋዝ ግፊት ቆዳ ውስጥ ይተኩሱታል። ያለ መርፌ ፈሳሹን በኃይል የሚረጭ መሣሪያም አለ። ሰው ይህን እንዴት አሰበው እያልኩ ከሚኒባሱ መውረጃዬን አልፌ ቀሐ ደረስኩ።

ለእናታችን ስነግራት የነጋዴ ነገር፣ «ወርቁ ስንት ካራት ነው?» አለች። ኤሌክትሪኩን ስትሰማ ደግሞ «መብራት ቢጠፋስ?» ብላ አሳቀችን። ክትባቱ መቼ ይደርሳል ስትለኝ ግን ዶክተሩ ያሉኝን አልደበቅኳትም። ገና ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ቁስሉ ግን አይጠብቅም። አሁን ቢወገድ ትድናለች፤ ከዘገየ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አክስታችን ፈህሚያ ለመነቻት፣ እኔም አለቀስኩባት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ግን አንተ የበኩር ልጇ እሺ ሳትል፣ እንኳን ኦፕራሲዮን፣ ሱቁም ቀለም አይቀባም። ክፋት እንደሌለህ፣ ስለምትወዳት እንዳልከው አውቃለሁ። ቢሆንም ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። ጥምቀት እንዳለፈ አዲስ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ።

ዙሌይካን እቀፍልኝ፣ ናስርን ጉንጩን ሳምልኝ። ፈህሚያ ከነጎረቤቱ ሰላም ትልሃለች። እናታችንን ለጃቢር ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ግቢ ካለኝ እገባለሁ፣ ቆዪ ካለኝ እቆያለሁ በይው» አለችኝ።

እህትህ ሪሃና
ጎንደር
ጥር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.