ከሞተች በኋላ ባሪያ የተባለችው እናታችን

ማታላ ወንድሜ፥

እናታችንን ከሞተች በኋላ ባሪያ ያደረጋት ሼኽና የሚሉት ቃዲ ነው። ሌላ ሰው ረግመህ እርግማንህን አታባክን።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? የባሕሩ ብርድ የያዘው ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ሚስትህ ኩምባና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ፊደሉ እንደ አንካሳ ግመል ቢያነክስም የገዛ እጄ ነው።

ዓምና የእህታችንን ልጅ ዘይዳን ያለ ደመወዝ ከምታገለግልበት ከሲዳቲ ድንኳን ላስወጣ ስከሰው የሆነውን ታስታውሳለህ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበና፥ እሱም አባቱም ባሪያ ኖሯቸው እንደማያውቅ፥ ዘይዳም እንደ ልጁ እንደሆነች በቁርኣን ማለ። ቃዲው ባርነት በሕግ የቀረ ነገር ነው፥ ስሙን በችሎት ማንሳት ነውር ነው ብሎ እኔኑ ገሠጸኝና መዝገቡን ዘጋ። ዘይዳ ዛሬም እዚያው የሰው ፍየል ታልባለች።

እናታችን በተቀበረች በወሩ ሲዳቲ በዚያው ችሎት ከሰሰኝ። የምን ክስ መሰለህ? እናታችን የአባቱ ባሪያ ነበረች፥ ነጻ ሳትወጣ ሞተች፥ ስለዚህ ቤቷና የተምር ዛፎቿ ለእሱ ይገባሉ አለ። በገበያ ኩስኩስ እየሸጠች፥ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ የሠራችውን ቤት! ምን እንደሚሉ የተነገራቸው ሁለት ሽማግሌዎችም መሰከሩለት።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ጌታዬ ቃዲ፥ ይህ ሰው ዓምና እዚሁ ቆሞ ባሪያ ኖሮን አያውቅም ብሎ ማለ። ዘንድሮ እናትሽ ባሪያችን ነበረች ይላል። የዋሸው ዓምና ነው ዛሬ?» አልኩ።

ቃዲው ሻዩን ፉት አለ። «ያ መዝገብ ተዘግቷል፥ እማማ። ያኛው የወንጀል ነበር፤ ይኼኛው የውርስ ነው።»

«እናቴ ታዲያ ለወንጀሉ ነጻ፥ ለውርሱ ባሪያ ነበረች?»

ሰው ሳቀ። ቃዲውም አብሮ ሳቀና ወደ ጸሐፊው ዞሮ፥ «ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ምላሷ ረዘመ» አለው። ከዚያ ለሲዳቲ ፈረደለት። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የጣት ቀለሙን ገፋልኝ። ብዕሩን ከፊቱ አንሥቼ ስሜን ጻፍኩ።

ሲዳቲን ምን እለዋለሁ? ጅብ ሬሳ ቢያወጣ ጅብ ነው። ጅቡን ፋኖስ ይዞ መቃብር ድረስ የመራው ግን ያ ጥምጣሙ ከራሱ የሚከብድ ቃዲ ነው። ስወጣ ሲዳቲ በሩ ላይ ጠብቆኝ፥ «ተስለም፥ ቂም አትያዢ፤ አንድ ቤተሰብ አይደለን? ሐሙስ ልጄን እድራለሁ። ከበሮሽን ይዘሽ ነይ፤ የበጉ አንገት እንደ ልማዱ የአንቺ ነው» አለኝ። የባሪያ ድርሻ ሊሰጠኝ! ትቼው አለፍኩ።

በዚህ ፍርድ የባሪያ ልጅ ነህና አንተም የሲዳቲ ንብረት ነህ። ኩምባን የሰው ዕቃ አግብተሻል በላት። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ቶሎ ና፤ ጠበቃው ለይግባኙ የአንተም ፊርማ ያስፈልጋል ብሏል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ ተብያለሁ። ከነነፍሴ አያስወጡኝም።

ኩምባን በእኔ ምትክ ሳምልኝ። እናቷን እጅ ነሥታለች በልልኝ። ልጅህ ሳሌክ ጀልባ ላይ ሲወጣ ራሱን ይጠብቅ። ትንሿ ሐፍሲያ ስሟን መጻፍ ከጀመረች፥ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ግርጌ ራሷ ትጻፍልኝ።

ሠርጉ ነገ ነው። እናታችን ለሲዳቲ አባት ሠርግ ከበሮ መታች፤ እኔም ለራሱ ለሲዳቲ መታሁ። ከእንግዲህ ለዚያ ቤት ከበሮ አልመታም።

እህትህ ተስለም
ዓይን ሰለም መንደር፥ ሞሪታንያ
ረቡዕ፥ ኦክቶበር 18 ቀን 2017