ስልሳ ሁለተኛው ፖስታ

ይድረስ ለእትዬ፤

ራስ ምታቱ ለቀቀሽ? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች? ትንሿስ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለች ታስቸግርሻለች? ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የጠየቅሁሽ፣ ከዚህ በታች ያለውን ካነበብሽ በኋላ መልስ ለመጻፍ ልብ ላይኖርሽ ይችላል ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤሽን አንሶላ የሚታጠፍበት ክፍል ገብቼ ቆሜ አነበብሁት። በባሌ ሞት ማንንም አልወቅስም፣ የወጣለት ዕጣ ነው፣ ይህን ከተቀበልሁ ወዲህ ልቤ አርፏል ብለሽኛል። በዚያ ላይ ምስጋናው። እህት ማለት አንቺ ነሽ የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። የቀረውን ያነበብሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እትዬ፣ ዕጣ አልነበረም። ጋሼ እኛ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ስለ ጥናቱ የነገርሁሽ ግማሹን ብቻ ነው። በሳንባ ሕሙማን ክፍላችን ሁለት ሐኪሞች አሉ። ሽማግሌው፣ አዲሱ መርፌ ደም ያፈስሳል፣ ሳይፈተን ሰው ላይ አይወጋም ይላሉ። እኛ መነጽራሙ የምንለው ደግሞ፣ ሰው ዓይናችን እያየ ሲሞት መድኃኒት ቆልፎ መቀመጥ ግፍ ነው ባይ ነው። ክርክሩ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ምሳ ቤት ገባ፤ ሰላምታ እስከ መተው ደረሱ። እኛ ነርሶቹም ለሁለት ተከፈልን። እኔ የመነጽራሙ ወገን ነበርሁ።

ነገሩን እንዲቆርጥላቸው ጥናት ተጀመረ። ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት መቶ የታሸጉ ፖስታዎች መጡ። በግማሾቹ ውስጥ «አዲሱ»፣ በግማሾቹ ውስጥ «የተለመደው» የሚል ካርድ አለ። በሽተኛ ሲገባ የተራው ፖስታ ይከፈትና የወጣለትን ሕክምና ያገኛል። ሐኪሞቹ እንዳያዳሉ ተብሎ ሳጥኑ የተሰጠው ለማን ይመስልሻል? ለታማኟ እህትሽ። ፖስታው ግን ስስ ነበር። መስኮቱ ላይ ለጠፍ ስታደርጊው ካርዱ ይነበባል።

ጋሼ የገባ ዕለት ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያርፍ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የአልጋው አንድ እግር አጭር ነው፣ ቁራጭ እንጨት አምጪልኝና ላስተካክለው አለኝ፤ አናጢነቱ እዚያም አልለቀቀውም። እየሳቅሁ ወጣሁና ሳጥኑን ከፈትሁ። ስልሳ አንደኛው «የተለመደው» ነበር፣ ስልሳ ሁለተኛው «አዲሱ»። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ተራ ይጠብቃሉ፤ በእግራቸው የመጡ፣ ሻል ያላቸው። እሳቸውን አስቀደምሁ። ወረፋ ለዋወጥሁ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ። ጋሼ መርፌውን በጀመረ በአምስተኛው ቀን የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እጁን ይዘሽው ነበር። ሾፌሩ ድነዋል። ለክትትል በመጡ ቁጥር ይመርቁኛል፣ እኔም የምገባበት ይጠፋኛል።

ፖስታው በብርሃን እንደሚነበብ ያን ቀን እንዴት አወቅሽ ማለትሽ አይቀርም። አንቺ መቼም ከልጅነታችን ጀምሮ የውሸቴን ጫፍ ይዘሽ መሳብ ታውቂበታለሽ። ከጋሼ በፊትም፣ ከጋሼ በኋላም አድርጌዋለሁ። የባሰበት ሰው ሲመጣ አንጀቴ አልችል እያለኝ «አዲሱ» እንዲደርሰው አደርግ ነበር፤ ሻል ያለው የተለመደውን ይወስዳል። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ በሰላም እበላ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ተነበበ። መርፌውን ከወሰዱት ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ካልወሰዱት ጥቂቶች። መነጽራሙ ተነሥቶ ተሳስቼ ነበር አለና ለሽማግሌው እጅ ነሣ። አዳራሹ አጨበጨበ። መርፌውም በማግሥቱ ከመደርደሪያ ተለቅሞ ተመለሰ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ፖስታ የለዋወጥሁባቸውን ሰዎች በጣቴ እቆጥር ነበር። መርፌው ሰው ይግደል አይግደል አላውቅም፤ ለሞት የቀረቡትን ሁሉ እሱ ጋ የሰበሰብሁት እኔ ነኝ። ምናልባት ያድን ነበር። ምናልባትም ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

ሰኞ ጠዋት ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ። ከሥራ መባረሬ አይቀርም፣ ሌላም ይከተል ይሆናል። ለአንቺ ያስቀደምሁት ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ነው። ዝም ብል አንቺ ታርፊ ነበር፤ ይህን ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ግን ነገ የጋሼ አልጋ ላይ ለሚተኛው ሰው፣ መርፌው ይጥቀመው ይጉዳው የሚያውቅለት የለም። ይህ እያለ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጆቹ አድገው አባታችን በምን ሞተ ብለው ሲጠይቁሽ፣ በመርፌው ነው አትበያቸው፤ በሳንባው ነውም አትበያቸው። ወደ እኔ ላኪያቸው። አላውቅም እላቸዋለሁ፤ ለምን ማንም ሊያውቅ እንዳልቻለም በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽ ጧሪ ቀባሪ ይሁኑልሽ። ብትረግሚኝም ይህን ምርቃቴን መልሼ አልወስደውም።

ታናሽሽ