የጥፊው ፋይል

ዓርብ

በጥፊ አጮላት! ያውም በሥራ ሰዓት፣ ባለጉዳይ ፊት። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጌታሰው ነው። ጽዳት ሠራተኛችን የሺ «ወለሉ እርጥብ ነው፣ ትንሽ ይቆዩ» ስላለችው። ስድስት ሰው አይቷል። የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝና ቃላቸውን ስጠይቅ አንዱ ስልክ ሲያወራ ነበር፣ አንዷ ዞር ብላ ነበር፣ ሌላው መነጽሩን አልያዘም። ወይ ጉድ! የፈረመችው የተመታችው ራሷ ብቻ ናት። ክሱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራሁት። የሺ ስትወጣ «እትዬ፣ ምስክር ከጠፋ ስም አጥፍታለች ብለው እኔኑ ያባርሩኝ ይሆን?» አለችኝ። አያደርጉትም አልኳት። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቅዳሜ

ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ። የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ! ጌታሰው እሳቸውን መርጦ መላኩ!

ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው «ጌታሰውን ይቅር ሳትይ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ግማሽ ሰዓት። የአባ እግር ይንቀጠቀጣል። ቢወድቁብኝስ? «እሺ፣ እሺ፣ ይቀመጡ!» አልኩ። ተቀመጡ፣ መረቁኝ፣ ቁርሴን በሉ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከወጡ በኋላ ነው። አይ የእኔ ነገር!

ሰኞ

ቢቸና ወሬ አያድርባትም። ዘበኛው «እንኳን ታረቃችሁ» አለኝ። እኔ ከማን ተጣላሁ?

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰይድ፣ ሞጣ ከተማ ቤተሰቡ ጋ ሰንብቶ እንደተመለሰ በቀጥታ ቢሮዬ ገባ። «ቤትሽ ይቅር ብለሽ ቢሮ ትከሺያለሽ? ማኅበሩ አባሉን አያስነካም!» የሺስ አባል አይደለችም ወይ አልኩት። የያዘውን ወረቀት አገላበጠ። ራሴን አመመኝ።

ማክሰኞ

የባሰ አታምጣ ማለት ይሄኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «በሽምግልና ካለቀ ፋይሉን ዝጊው» አሉኝ። መመሪያውን ሦስቴ አነበብኩት፤ ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አይልም። በአንድ «እሺ» የሺን ጉድ ሠራኋት። አፈርኩ። አልዘጋሁትም፤ ኮሚቴው ነገ ይቀመጥ ብዬ ጥሪውን በተንኩ።

ረቡዕ

ሰይድ ገና ከመጀመሩ «እርቅ ወርዷል» አለ። ሰብሳቢው ወደ የሺ ዞረው ታርቃችኋል ወይ አሏት።

«ሽማግሌ የሄደው እትዬ ቤት ነው። የተመታሁት እኔ ነኝ። የእኔን በር ያንኳኳ የለም።»

ሰይድ ላቡን ጠረገና «ማኅበሩ ተቃውሞውን አንስቷል» አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ምስክሮች መጥተው ፈረሙ። ውሳኔው ለሳምንት ተቀጥሯል፤ የሺን የሚያባርራት ግን የለም። እፎይ።

ከሥራ ስወጣ የሺ ቤት ሄድኩ። ያንቺን ይቅርታ እኔ ሰጠሁብሽ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። «ይግቡ» አለችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እስካሁን አላወቅኩም።